በስድሳ አንደኛው ገጽ ላይ ያለው ሥር

እኅቴ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ቤታችን ትኩሳት ገባ። መጀመሪያ እናታችን ወደቀች፤ ቀጥሎ ታላቅ ወንድማችን፤ ከዚያም እኔ። እኔ ገና ሦስት ዓመት አልሞላኝም ነበር። በሁለት እግሯ የቆመች እሷ ብቻ ነበረች። አባታችን መድኃኒት አዋቂ ነበር፤ ሥር ሊቆፍር ከቤት ከወጣ ሳምንት አልፎታል።

ለዚያ ትኩሳት የሚሆነው መድኃኒት እቤታችን ውስጥ ነበር። አባታችን በጓዳው ግድግዳ ላይ አርባ ያህል የሥርና የቅጠል እስሮች በገመድ አንጠልጥሏል። ምልክት የላቸውም። የትኛው ለምን እንደሚሆን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እኅቴ ወንበር ላይ ቆማ አንድ በአንድ አሸተተቻቸው። አንዱን ልታፈላ ታወርደዋለች፤ መርዝ ቢሆንስ ብላ መልሳ ትሰቅለዋለች። ሲጨንቃት ሁሉንም ትታ ውኃ ብቻ እያጠጣችን፣ ጨርቅ እየነከረች ግንባራችን ላይ እያደረገች ዘጠኝ ቀን አስታመመችን። እናታችን በስድስተኛው ቀን ሞተች፤ ወንድማችን በስምንተኛው። እኔ ተረፍኩ። በመጨረሻ እሷም ታመመች፤ ጸጉሯ ሙልጭ ብሎ አልቆ እንደ አዲስ በቀለ፤ እሷ ግን ተረፈች።

አባታችን ሲመለስ በቀጥታ ወደ ጓዳው ሄደ። ከእስሮቹ አንዱን አውርዶ፣ እጁ ላይ ይዞ፣ ሳይቀመጥ እስኪመሽ ቆመ። ያ እስር ከእኅቴ ራስ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ቀን ወዲያ የሚያውቀውን ሁሉ ለሰፈሩ በዘረገፈ። አባታችን ግን ሙያው ያሳደገው ሰው ነው። ያደረገው ነገር ቢኖር እኅቴን ጠርቶ የእያንዳንዱን ስም መንገር ነው፤ ለእሷ ብቻ። ከስሞቹ ጋርም የሙያውን ሕግ ነገራት፦ «ለእንግዳ መድኃኒቱን ስጪ፤ ስሙን ግን አዙሪበት።»

ማዞር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ከሙያው ውጭ የሆነ ሰው «ይህች ምን ትባላለች?» ብሎ ቢጠይቅ የሌላዋን ስም ይነግሩታል። ለምን ትሆናለች ካለም ከስሙ ጋር የሚሄደውን ይነግሩታል። እርስ በርሳቸው ሲገናኙ ደግሞ «ቀጥ ነው ዙር?» ይባባላሉ። «ቀጥ» ከተባለ እውነተኛው ስም ነው። በዚህ የተጎዳ ሰው አልነበረም። በሽተኛ መድኃኒቱን የሚቀበለው ተቆርጦ፣ ተመጥኖ፣ ከአዋቂው እጅ ነው። ስሙ ጆሮው ውስጥ ቢቀር ባይቀር የሚለውጠው ነገር የለም። አባታችን እንደዚያ ነበር የሚያስበው፤ እኅቴም እስከ ስድሳ አራት ዓመቷ እንደዚያ አሰበች።

አባታችን ሲሞት ሥራውን ያዘች። የምትሠራው ከቤቷ ኋላ ባለች ክፍል ነው፤ አንዲት መስኮት አለቻት፤ እሷም የጎረቤት ግንብ ላይ ነው የምትከፈተው። የረገበ የልብስ ገመድ፣ አፉ የተሸረፈ ሙቀጫ፣ ከአባታችን የቀረች ጥርሷ ያለቀ ሚዛን፣ በየመደርደሪያው የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች። መደርደሪያዎቹን የሠራሁላት እኔ ነኝ፤ አናጺ ነኝ። የሰፈሩ ሰው «ሥረኛዋ» ይላታል፤ እኔ እትዬ እላታለሁ። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር። ባሏ ሹፌር ነበር። ቅጠል ቅጠል የሚሸት አልጋ ላይ አልተኛም ብሎ በአራተኛው ዓመት ጥሏት ሄደ። «እኔ ናፍጣ ሲሸት ችዬው አልነበር?» ትላለች፤ ከዚህ ሌላ ስለሱ ያለችው ነገር ትዝ አይለኝም።

በሽተኛ ስታነጋግር ማየት ደስ ይል ነበር። አንድ ቀን ገልባጭ መኪና ላይ አሸዋ የሚጭን ጎረምሳ ሆዱን ይዞ መጣ።

«ምንህን ነው?»

«ሆዴን አሞኛል፣ እትዬ።»

«እሱንማ ፊትህ ነገረኝ። ይቆርጥሃል፣ ይወጋሃል፣ ይነፋሃል ወይስ ያቃጥልሃል?»

«ኧረ እኔ እንጃ፤ ብቻ ያመኛል።»

«እንግዲያው ሂድና ተዋውቀኸው ና።»

ልጁ እየሳቀ ደጅ ወጣ። ግንቡን ተደግፎ ትንሽ ቆየና ተመለሰ፤ «ይቆርጠኛል፤ ቆረጥ አድርጎ ይተወኛል» አለ። ያን ጊዜ ነው ቆርቆሮ የከፈተችው። ለእሷ ቁርጠት፣ ውጋት፣ ቁርጥማትና ጥዝጣዜ እንደ አራት ጎረቤቶች ነበሩ፤ አንዱን በሌላው ስም የጠራ ሰው ያናድዳታል።

ከዚያ ነው ከአንድ የምርምር ተቋም የመጡት ሰዎች በነጭ መኪና ከደጃችን የቆሙት። ሦስት ናቸው፦ መነጽር ያደረገ የዕፀዋት ዶክተር፣ የምትጽፍ ወጣት ሴት፣ ፎቶ የሚያነሳ ሹፌር። የመድኃኒት ዕፀዋትንና የሕክምና ቃላትን መፍቻ መጽሐፍ እያዘጋጁ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሌሎች መጥተው፣ ጠይቀው፣ ጽፈው ሄደው ነበር፤ ወሬያቸውም አልተሰማም። እኅቴ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ገብቶ የሚሞት ነገር ይመስላት ነበር።

የያዙት ቅጽ በሰንጠረዥ የተከፈለ ነው። ስም፤ የሚያገለግለው ክፍል፣ ሥር ነው፣ ልጥ ነው፣ ቅጠል ነው፣ ፍሬ ነው፤ ለምን ሕመም፤ አዘገጃጀት፤ መጠን። እኅቴ ሕመሞቹን አንድ በአንድ ስትለይ ዶክተሩ ለጸሐፊዋ፣ «ሁሉንም የሆድ ሕመም በይው» አላት። እኅቴ ይህን ሰማች። አየኋት፤ ከንፈሯን ገጠም አደረገች። ምናልባት ያን ባይል ኖሮም ታዞርበት ነበር። እንግዳ ነዋ።

ወደ ጓሮ ወጣን። እኔ የጓሮውን በር ማጠፊያ እጠግን ነበር። በጓሮው ውስጥ ሁለት ዕፆች ጎን ለጎን አሉ። አንዷ ሆደ ሰፊ ናት፤ ሥሯ ተቀቅሎ ሲጠጣ ቁርጠት ያስታግሣል፤ ክፉ የላትም፤ ግን ካልኮተኮቷት አትበቅልም። ሁለተኛዋ ጨለሜ ናት፤ እሷ በየቦዩ ዳር ማንም ሳይተክላት ትበቅላለች። ሥሯ ተወቅጦ፣ በዘይት ተለውሶ፣ ቁርጥማት የያዘው ጉልበት ይታሽበታል። እኔም እታሽበታለሁ። በአፍ ከገባ ግን መጀመሪያ ዓይን ያጨልማል፤ ቀጥሎ ልብ ያቆማል። ቅጠላቸው ይመሳሰላል። ሥራቸውም ሲደርቅ ያው የአውራ ጣት ያህል ቡናማ ነገር ነው፤ ለይቶ የሚያውቀው ሰብሮ የሚያሸት ሰው ብቻ ነው።

«እማማ፣ ይህችስ ማን ትባላለች?» አለ ዶክተሩ።

«ሆደ ሰፊ።»

«ለምን ትሆናለች?»

«ለቁርጠት።»

«እንዴት ነው የምትዘጋጀው?»

«ሥሯ ይቆረጣል፤ ይቀቀላል፤ ይጠጣል።»

ሴትዮዋ ጻፈች፤ ሹፌሩ ፎቶ አነሳ። የቆሙት ጨለሜ ፊት ነበር።

«አበባዋን ማየት ነበረብን» አለ ዶክተሩ። «ያለ አበባ በትክክል መለየት ያስቸግራል።»

«ጊዜው አልፏል። በሚቀጥለው ዓመት ኑና እዩዋት።»

«እንመጣለን እንጂ፣ እማማ!»

አልመጡም። እኔ ግን ያን ቀን ሁሉንም ሰምቻለሁ። መዶሻዬን እንደያዝኩ አንገቴን ደፍቼ ሳቅሁ። የተማረ ሰው ሲታለል ማየት እንደኔ ያለውን ደስ ይለዋል። ይህን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል፤ ግን የእሷን ጽፌ የራሴን ብተው ሐቅ አይሆንም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሰዎቹ መጥተው ከሄዱ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ አንድ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ መደርደሪያ ስገጥም፣ ገና ያልተፈታ የመጽሐፍ እሽግ አየሁ። አረንጓዴ ሽፋን አለው። «የመድኃኒት ዕፀዋትና የሕክምና ቃላት መፍቻ» ይላል። ሥራዬን ስጨርስ አንዱን ይዤ በቀጥታ እሷ ዘንድ ሄድኩ። የምሥራች የያዝኩ ነበር የመሰለኝ።

ሥር እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ «እስቲ አንብበው» አለችኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። «አስታጋሽ፦ ሕመምን የሚቀንስ መድኃኒት።»

«እሺ።»

«አስመላሽ፦ የጨጓራን ይዘት በአፍ እንዲወጣ የሚያደርግ።»

«የጨጓራን ይዘት!» ሳቀች። «ትፋት በሉት እንጂ!»

«አስቀማጭ፦ ሆድን የሚያላላ።»

«አስቀማጭ? እኛ የምናውቀው እንኳ የሚያስሮጠውን ነው።»

እንዲህ እየሳቅን ብዙ ገጽ ሄድን። የላቲኑ ስም ላይ ስደርስ እንደናቀፋለሁ፤ «ተወው፣ ምላስህ ይታጠፋል» ትለኛለች። ስድሳ አንደኛው ገጽ ላይ ስደርስ «ሆደ ሰፊ» ብዬ አነበብኩ። እጇን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ መጽሐፉን ተቀበለችኝ። ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው።

«ይቺ ጨለሜ ናት።»

«አዎን፤ አዙረሽባቸው የለም?» አልኩ እየሳቅሁ።

«ሥሯ ምን ይሆናል ይላል?»

«ተቀቅሎ ይጠጣል ይላል።»

«ስንት ነው ያተሙት?»

የመጨረሻውን ገጽ አየሁ። «ሦስት ሺህ።»

እኅቴ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አደረገችው። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ዝቅ ባለ ድምፅ «ስለ እንዲህ ያለ ነገር አባባ አልነገረኝም» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ከተቋሙ በር ላይ ነበርን። ዶክተሩ አሁን የክፍል ኃላፊ ሆኗል፤ የመጽሐፉ ሽፋን በፍሬም ተደርጎ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል። ሞቅ ባለ ፈገግታ ተቀበለን። እኅቴ አልተቀመጠችም።

«ልጄ፣ ስድሳ አንደኛው ገጽ ላይ ያለችው ሆደ ሰፊ አይደለችም። ጨለሜ ናት። የጠጣት ሰው ይሞታል።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ተነስቶ በሩን ዘጋው። «ያን ጊዜ ዋሹን ማለት ነው?»

«አዞርኩባችሁ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«መድኃኒቱ ከእጄ የሚወጣ ሳለ ልዩነት ነበረው። አሁን የለውም። ዋሸሁ።»

«ይህን ለሌላ ሰው ተናግረዋል?»

«ላንተ ነው የመጣሁት።»

«እማማ፣ ይመልከቱ፤ መጽሐፉን ያጸደቀው ኮሚቴ ነው። እኛ የጻፍነው በተሰበሰበው መረጃ መሠረት...»

«መረጃው እኔ ነኝ። ይኸው መጣሁ።»

«ሥርዓት አለው። በጽሑፍ ማመልከቻ ያስገቡ።»

«ቆሜ እየነገርኩህ?»

«በጽሑፍ» አለ፤ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንስቶ እኔ ላይ አደረገ፤ ወንድ ስለሆንኩ ይገባኛል ብሎ መሰለኝ።

ማመልከቻውን ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ እኔ ጻፍኩት። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሳታነብ ማኅተም አደረገችበትና «ይጠብቁ» አለችን።

እኅቴ መጠበቅ አልቻለችም። አራት ጣት በሚያህል ወረቀት ላይ እንዲህ እያልኩ እንድጽፍ አደረገችኝ፦ «በዚህ ገጽ ያለው ሥዕል ጨለሜ ነው። አይጠጣም። ይገድላል።» በአናጺ ኮላ ለመለጠፍ በየመጻሕፍት መሸጫው ዞርን። አንዱ ባለሱቅ «መጽሐፍ ታበላሻላችሁ» ብሎ አባረረን። ሌላው «እናንተ ማን ሆናችሁ ነው ዶክተር የጻፈውን የምታርሙት?» አለን። ሦስተኛው ሲሳለቅ፣ «እማማ፣ ጨለሜ ይገድላል ካሉኝ ለአማቴ አንድ ኪሎ ያምጡልኝ» አለ። እኅቴ ሳትስቅ እያየችው ቆመች፤ እስኪያፍርና መጽሐፎቹን እስኪያወርድልን ድረስ። ይህን ስናደርግ ሁለት ወር አለፈ። ስንቱ ላይ እንደለጠፍን አላውቅም። ከሦስት ሺህ ግን ምንም አይደለም።

በመጨረሻ መደርደሪያ ወደሠራሁለት ሰውዬ ተመለስን። የቀሩትን ከለጠፍን በኋላ እኅቴ፣ «የሸጥካቸውን ማን ማን እንደገዛ ታስታውሳለህ?» አለችው።

«የገዛኝን ሁሉ ስም ልጠይቅ እንዴ? አንዱን ግን አውቀዋለሁ። ከጥግ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ከሆዱ ጋር ሲጣላ የኖረ ሰውዬ፤ ሐኪም ቤት መመላለስ ሰልችቶት ነው የገዛው።»

ተጣድፈን ሄድን። የልብስ ሰፊው መስኮት ተዘግቷል። በመስተዋቱ ውስጥ የስፌት መኪናው ጨርቅ ተጥሎበት ይታያል። አጠገቡ ያለው ጸጉር አስተካካይ መቀሱን ይዞ ወጣ።

«ልብስ ልትወስዱ ነው? ሚስቱን ጠይቁ። እሱ ሞቷል፤ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው።»

«ምን አገኘው?» አለች እኅቴ።

«ያው ሆዱ ነው። ጠዋት እዚህ ቆመን ስንቀላለድ ነበር። ከሰዓት ዓይኔ ጨለመብኝ አለ። ከዚያ አልቆየም። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ።»

እኅቴ ጸጉር አስተካካዩን አመስግና ዞረች። ጥቂት እርምጃ ሄደን ግንብ ተደገፈች። ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩት፤ ማመልከቻችን መዝገብ ቤት ከገባ ወር ተኩል ሆኖት ነው ሰውየው የሞተው።

«እትዬ፣ ስሚኝ» አልኳት። «ሰውየው አይመለስም። ሚስቱ ሕመሙ ነው የወሰደው ብላ ተቀምጣለች። ለምን ዳግመኛ ትገድያታለሽ? እኛ አስታውቀናል። የዘገዩት እነሱ ናቸው።»

«እነሱ ዘገዩ፤ ያዞርኩት እኔ ነኝ።»

«ማን ያውቃል? ምናልባት ልቡ ይሆናላ።»

«አንተ ታውቃለህ፤ እኔ አውቃለሁ። ዓይኔ ጨለመብኝ ብሏል እኮ።» ከግንቡ ተላቀቀች። «አንተ በሃምሳ አንድ ዓመትህ ፊደል ቆጥረህ የለም? እኔም በስድሳ አራቴ ቀጥ አድርጌ መናገር ልጀምርበት።»

በማግሥቱ ሄድን። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ሌላ ማድረግ አልቻልኩም። የልብስ ሰፊው ሚስት ቀጭን ሴት ናት። ባሏ ጀምሮ የተዋቸውን ልብሶች ለባለቤቶቻቸው ልትመልስ በየስማቸው እያጠፈች ነበር። ለእኅቴ ወንበር ሰጠቻት። እኅቴ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ የአባታችንን ሕግ፣ የተቋሙን ሰዎች፣ ጓሮውን፣ መጽሐፉን። ሴትዮዋ አንድ ሱሪ እጇ ላይ እንደያዘች ሳታቋርጣት ሰማቻት።

ሲያልቅ ሱሪውን አስቀመጠች። «ከመጽሐፉ ያነበበልኝ እሱ ነው» አለች። «ከቦዩ ዳር የቆፈረው እሱ ነው። የቀቀልኩት ግን እኔ ነኝ።»

እኔ የፈራሁት ይህንኑ ነበር።

«የቀቀልሽው ሆደ ሰፊ ነው ብለሽ ነው» አለች እኅቴ።

«ለምን መጣሽ? ይህን ለምን ነገርሽኝ? እኔ ተኝቼ አድር ነበር እኮ!»

«የተረፈው ሥር የት አለ?»

ሴትዮዋ ተነስታ ከመደርደሪያው ላይ በክዳን የተዘጋ ብርጭቆ አወረደች። ውስጡ ተቆራርጦ የደረቀ ሥር አለ። «እናቴም ቁርጠት አለባት» አለች። «ይህን እንኳ ለእሷ ልላክላት ብዬ...»

እኅቴ እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ ብርጭቆውን ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም። በኋላ እጇ ላይ አኖረችላት።

«አልምርሽም» አለች።

«አልለምንሽም።»

«በይ ውጪልኝ፣ እማማ።»

እኅቴ ብርጭቆውን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። እቤቷ ስንደርስ ሥሩን በእሳት አቃጠለችው፤ ብርጭቆውን ሰባብራ ቀበረችው።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ይህን እኔ አልነገርኳትም፤ በራሷ ነው። ተረኛው መኮንን ትሑት ሰው ነበር። መጽሐፉን ገልብጦ አየ።

«እናቴ፣ ስምዎ እዚህ መጽሐፍ ላይ የት አለ?»

«የለም።»

የለም ነበር። መግቢያው ላይ «ከአካባቢው አዋቂዎች በተገኘ ቃል» ይላል፤ ሌላ የለም። መኮንኑ ስልክ ደወለ፤ የሟቹን ወረቀት አስነበበ። የልብ ድካም ይላል።

«በልብ ድካም የሞተን ሰው ገደልኩ ብለው ነው የመጡት? መጽሐፉንም እርስዎ አልጻፉት። እባክዎ ቤትዎ ገብተው ይረፉ።»

ደጅ ወጥተን መንገድ ዳር ቆመን ሳለ እኅቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች። «ስሜንም አልጻፉት፤ ጥፋቴንም ነሱኝ!» አለች። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ አያት።

የተቋሙ መልስ በአምስተኛው ወር መጣ። «ጥቆማዎ በሚቀጥለው እትም ከግምት ውስጥ ይገባል» የሚል ሦስት መስመር ነው። የሚቀጥለው እትም ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣ። የዶክተሩ ስም በሽፋኑ ላይ በትልቁ አለ። ስድሳ አንደኛው ገጽ ላይ ሌላ ዕፅ ተተክቷል። ስሕተት ነበር የሚል ቃል የትም የለም። ሥዕሉን ከማስተካከል ይልቅ ሥዕሉንም ስሙንም ሰርዘዋቸዋል። ክፉ የሌላት ሆደ ሰፊም አብራ ጠፋች። እኅቴን አንድ ሰው መጥቶ ቢጠይቃት ኖሮ አንድ ስኒ ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ ይታረም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረች። በቆርቆሮዎቹ ሁሉ ላይ እውነተኛውን ስም አስጻፈችኝ፤ የሚጠጣውን በጥቁር፣ የማይጠጣውን በቀይ። ለጠየቃት ሁሉ ቀጥ አድርጋ መናገር ጀመረች፤ ላልጠየቃትም ጭምር። የሙያ ጓደኞቿ ራቋት። አብሯት ያደገ አንድ ሽማግሌ አዋቂ ደጇ ላይ ቆሞ፣ «የአባትሽን ቤት በር አውልቀሽ ጣልሽው» ብሎ ሰደባት፤ ዳግመኛ ሰላም አላላትም። በሽተኞቿም ቀስ በቀስ ቀነሱ። ይህ ከሁሉ ይልቅ ይገርመኛል። ስሙንና አሠራሩን በግልጽ ስትነግራቸው ማመን ተዉ። አንዷ ሴትዮ፣ «እንዲህ በቀላሉ የሚነገር ከሆነ ምኑን መድኃኒት ሆነው?» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወጥታ ሁለት መንገድ ተሻግራ ወደሚያዞረው አዋቂ ሄደች።

የምታውቀውን በደብተር ጻፍኩላት። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ዕፅ፣ ከነሥሩ፣ ከነልጡ፣ ከነመጠኑ፤ ሕመሞቹም በየራሳቸው ስም። ተቋሙ ዘንድ ወስጄ ባሳይ፣ ያልተረጋገጠ ነው ብሎ መለሰልኝ። አሁን እኔ ዘንድ አለ።

ባለፈው ዓመት አልጋ ከያዘች በኋላ፣ የደብተሩ መጀመሪያ ላይ የምጽፈው ነገር ንገሪኝ፣ በዕድሜሽ ከሁሉ የሚበልጥብሽ ምንድን ነው አልኳት። የዳኑትን ሰዎች ትነግረኛለች ብዬ ነበር። እንድትናገር ከትራሷ ላይ ቀና አደረግኋት፤ እንዲህ አለች፤ ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስቀምጣለሁ፦

«የዳኑት እነሱ ይናገሩ። የእኔ ያቺ የልብስ ሰፊው ሚስት ናት። ሰው ሁሉ የሚሰማኝ የሆነ ነገር ፈልጎ ነበር፤ ወይ መድኃኒት፣ ወይ ስሙን። እሷ ከእኔ ምንም አልፈለገችም፤ ባላየችኝ ደስ ባላት ነበር። ግን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አልማረችኝም፤ መማርም አልነበረባትም። ብርጭቆውን ግን እጄ ላይ አኖረችው። እናቷ አሁንም አለች ይላሉ። እንግዲህ በሕይወቴ ቀጥ ያለ ነገር ለሰው ነግሬ ሰው ያተረፍኩበት ቀን እሱ ነው። ሌላውን አንተ እንደሚመስልህ ጻፈው።»